«ለክትትል ነው የመጣሁት»፦ ከሕክምና በኋላ ለሚደረጉ ቀጠሮዎች ትክክለኛውን የበሽታ መለያ ኮድ መምረጥ



በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ፣ በማውንቴን ቪው ከተማ በሚገኝ አንድ ክሊኒክ፣ በአንድ ማለዳ አራት ኢትዮጵያውያን ተራቸውን እየጠበቁ ተቀምጠዋል እንበል። የመጀመሪያው አባት ለዐሥር ዓመታት የደም ግፊት መድኃኒት ሲወስዱ የኖሩ ናቸው። ሁለተኛዋ እናት የቀኝ ጉልበታቸው መገጣጠሚያ ከሦስት ሳምንት በፊት በሰው ሠራሽ ተተክቶላቸዋል። ሦስተኛው ወጣት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናውን በቅርቡ ጨርሷል። አራተኛዋ እኅት ከጡት ካንሰር ከዳነች ዓመታት ተቆጥረዋል። የእንግዳ መቀበያ ሠራተኛዋ የመጡበትን ምክንያት ስትጠይቃቸው የአራቱም መልስ አንድ ነው፦ «ለክትትል ነው የመጣሁት።»

በአማርኛ አራቱም ትክክል ተናግረዋል። «ክትትል» የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ደግሞ መሄድን ሁሉ ያቅፋል። እንግሊዝኛው «ፎሎው አፕ»ም በዕለት ተዕለት ንግግር ከዚህ አይለይም፤ ሐኪሞች ራሳቸው በማስታወሻቸው ላይ ያለ ልዩነት ይጽፉታል። የክሊኒኩ ኮድ ሰጪ ባለሙያ ግን አራቱን ሰዎች በአራት የተለያዩ ኮዶች መመዝገብ ይኖርባታል። አንዱን በሌላው ከቀየረች ኢንሹራንሱ ክፍያ ሊከለክል፣ ሂሳቡ ወደ ታካሚው ቤት ሊላክ፣ ከዚህም በከፋ ሁኔታ የዳነች ሴት በመዝገብ ላይ የካንሰር ታማሚ ሆና ልትቆይ ትችላለች።

በሕክምና ኮዲንግ ሙያ የሚማሩ ወገኖቻችን ከሚቸገሩባቸው ርእሶች አንዱ ይህ ነው። ታካሚውም ቢሆን መሠረቱን ቢያውቅ ይጠቀማል። መሠረቱ በአንድ ጥያቄ ይጠቃለላል፦ በሽታው ዛሬ የት ደርሷል? አሁንም አለ? ታክሞ በማገገም ላይ ነው? ወይስ ፈጽሞ ጠፍቶ፣ ተመልሶ እንዳይመጣ ብቻ እየታየ ነው?

ኮዱ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ለሕክምና ክፍያ የምትጠቀምበት የበሽታ መለያ ሥርዓት አይ ሲ ዲ 10 ሲ ኤም ይባላል። መሠረቱ የዓለም ጤና ድርጅት የሚያዘጋጀው ዓለም አቀፍ የበሽታዎች ምደባ ሲሆን፣ የዘር ሐረጉ ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን በ1893 ካቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር ይመዘዛል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) አሜሪካ ከዘጠነኛው ዕትም ወደ ዐሥረኛው የተሸጋገረችው ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዐሥራ አንደኛውን ዕትም ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ቢያውልም የአሜሪካ ሐኪም ቤቶች አሁንም የሚሠሩት በዐሥረኛው ነው።

የአጠቃቀም መመሪያውን በጋራ የሚያጸድቁት አራት አካላት ናቸው፤ ሜዲኬርንና ሜዲኬይድን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት፣ ብሔራዊው የጤና ስታቲስቲክስ ማዕከል፣ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ማኅበርና የጤና መረጃ ባለሙያዎች ማኅበር። መመሪያው በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ስለሚታደስ ኮድ ሰጪው ሕክምናው በተሰጠበት ቀን ይሠራበት የነበረውን ዕትም መጠቀም አለበት። ባለፈው ዓመት ትክክል የነበረ ኮድ ዘንድሮ ተከፋፍሎ ወይም ተሰርዞ ሊገኝ ይችላል።

በሀገራችን ጤና ተቋማት የበሽታ ምደባ በዋናነት ለሪፖርትና ለዕቅድ ያገለግላል፤ ታካሚው ካርድ አውጥቶ፣ ከፍሎ፣ ታክሞ ይሄዳል። በአሜሪካ ግን ኮዱ የክፍያው ቋንቋ ነው። ሐኪሙ ያየውን ይጽፋል፣ ኮድ ሰጪዋ ጽሑፉን ወደ ኮድ ትለውጣለች፣ ኮዱ በክፍያ መጠየቂያ ቅጽ ላይ ሰፍሮ ወደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል። የሐኪሞች መጠየቂያ ቅጽ እስከ 12 የበሽታ ኮዶችን ይይዛል፤ እያንዳንዱም አገልግሎት ከምክንያቱ ጋር ይያያዛል። በባሕረ ሰላጤው አካባቢ ደግሞ አንድ ታካሚ በማውንቴን ቪው ቀዶ ሕክምና አድርጎ፣ ሳን ሆዜ ፊዚዮቴራፒ እየሄደ፣ ኦክላንድ የቤተሰብ ሐኪም ሊኖረው ይችላል። ሦስቱም ለየብቻ ኮድ ይልካሉ፤ ሦስቱ የሚናገሩት ታሪክ ካልተስማማ የኢንሹራንሱ ኮምፒውተር ጥያቄ ያነሣል።

ለንባብ እንዲመች በኮዶቹ መነሻ ያሉትን የላቲን ፊደላት እንደ አጠራራቸው በፊደላችን ጽፈናቸዋል። ዜድ ስንል አሜሪካውያን «ዚ» የሚሉትን የመጨረሻውን ፊደላቸውን ማለታችን ነው። በዜድ የሚጀምሩት ኮዶች በምደባው 21ኛ ምዕራፍ የሚገኙ ሲሆን፣ ሰው በዕለቱ ሳይታመም ወደ ጤና ተቋም የሚሄድባቸውን ምክንያቶችና የጤናውን ሁኔታ ይገልጻሉ።

የማይጠፋ በሽታ

ከቀላሉ እንጀምር። የደም ግፊቱ አባት ለክትትል መጥተዋል ቢባልም በሽታቸው አለ፤ መድኃኒቱ ተቆጣጠረው እንጂ አላጠፋውም። ስለዚህ ኮዳቸው የደም ግፊት ራሱ፣ አይ 10 ነው። የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው፤ ልኬቱ ስለ ተስተካከለ ብቻ ወደ «ያለፈ ታሪክ» አይዛወርም። የዜድ ክትትል ኮድ ለእነዚህ ሰዎች መስጠት ስሕተት ነው፤ እንዲያውም በሽታው ድኗል ብሎ እንደ መመስከር ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ኢንሹራንሱ «ለዳነ ሰው መድኃኒቱ ለምን ይታዘዛል?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ ይጠፋል።

በማገገም ላይ ያለ አካል

ሁለተኛዋ እናት ዘንድ ነገሩ ይረቅቃል። የጉልበታቸው ሕመም የመገጣጠሚያ መበላት ነበር፤ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ኮዱ ኤም 17.11 ነበር፣ ይኸውም የቀኝ ጉልበት የመገጣጠሚያ መበላት። አሁን ግን የተበላው መገጣጠሚያ ከአካላቸው ወጥቷል። በሽታው በዚያ ጉልበት ላይ የለም፤ ያለው የቀዶ ሕክምናው ቁስልና ማገገም ነው። እንግሊዝኛው «አፍተርኬር» የሚለው፣ እኛም የድኅረ ሕክምና እንክብካቤ የምንለው ይህ ነው፦ ዋናው ሕክምና ተደርጓል፣ አካሉ ግን እስኪጠገን ድረስ ገና እርዳታ ይፈልጋል።

ትክክለኛው የመጀመሪያ ኮድ ዜድ 47.1 ነው፤ የመገጣጠሚያ ቅየራ ድኅረ ሕክምና እንክብካቤ ማለት ነው። ይህ ኮድ የትኛው መገጣጠሚያ እንደ ሆነ ስለማይናገር ዜድ 96.651፣ ማለትም ሰው ሠራሽ የቀኝ ጉልበት እንዳለ የሚገልጸው፣ ይከተለዋል። የግራ ጉልበታቸው አሁንም የሚያማቸው ከሆነና ሐኪሙ ያንንም ካየ ኤም 17.12 ይታከላል። ለፊዚዮቴራፒው የሚላከውም ኮድ ከዚህ ጋር መስማማት አለበት። ፊዚዮቴራፒው በቸልታ የድሮውን ኤም 17.11 ደግሞ ቢልክ፣ ኢንሹራንሱ የሚያየው በሕይወት የሌለ መገጣጠሚያ ሲታከም ነው።

ቁስሉ ቢያመረቅዝና ኢንፌክሽኑ ሰው ሠራሹን መገጣጠሚያ ቢነካስ? ያን ጊዜ ማገገም ቀርቷል፤ አዲስ የታከመ ችግር ተፈጥሯል። የእንክብካቤ ኮዱ ይነሣና ቲ 84.53 የሚለው የቀኝ ሰው ሠራሽ ጉልበት ኢንፌክሽን ኮድ ከነ ተከታይ ፊደሎቹ ይተካዋል። መመሪያው በግልጽ እንደሚለው ሕክምናው ያነጣጠረው በአሁኑ አጣዳፊ በሽታ ላይ ከሆነ የድኅረ ሕክምና እንክብካቤ ኮድ አይሰጥም። ከዚህ የሚለዩት ለካንሰር የሚሰጡት የጨረር፣ የኬሞቴራፒና የኢሚዩኖቴራፒ ቀጠሮዎች ናቸው፤ ታካሚው ለእነርሱ ብቻ ሲመጣ በቅደም ተከተል ዜድ 51.0፣ ዜድ 51.11 እና ዜድ 51.12 ይቀድማሉ፣ የካንሰሩ ኮድም ይከተላል።

ለስፌት መፍታት ዜድ 48.02፣ የቀዶ ሕክምና ቁስል ፋሻን ለመቀየር ዜድ 48.01 አለ። የሜዲኬር ታካሚዎች እዚህ ላይ አንድ ነገር ይወቁ፦ ለከባድ ቀዶ ሕክምና ሜዲኬር የሚከፍለው ክፍያ ቀዶ ሐኪሙ በቀጣዮቹ 90 ቀናት የሚያደርጋቸውን የተለመዱ የማገገሚያ ቀጠሮዎች ያጠቃልላል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ለየብቻ ሂሳብ ከመጣ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስብራት የራሱ ሕግ አለው

ተማሪዎች በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት። የጉልበቱን ምሳሌ የተረዳ ተማሪ የእጅ አንጓው ተሰብሮ፣ ጄሶ ታሥሮለት፣ ከወር በኋላ ለመታየት የመጣን ሰው ወዲያው በዜድ ኮድ ሊመዘግበው ይፈልጋል። አይቻልም። ለጉዳት የዜድ የእንክብካቤ ኮድ አይሰጥም። የጉዳቱ ኮድ ራሱ እስከ መጨረሻው ይቀጥላል፤ የሚለወጠው በሰባተኛው ቦታ የሚቀመጠው ፊደል ነው።

የቀኝ እጅ አንጓ አጠገብ የታችኛው ራዲየስ አጥንት ስብራት፣ ዓይነቱ ካልተገለጸ፣ ኤስ 52.501 ነው። ቆዳው ያልተከፈተ ስብራት ሆኖ ንቁ ሕክምና በሚሰጥበት ጊዜ መጨረሻው ላይ ኤ ይገባል። ጄሶው ታሥሮ፣ አጥንቱ በተለመደው መንገድ እየገጠመ ሳለ ለሚደረጉ ቀጠሮዎች ዲ ይሆናል። መግጠሙ ከዘገየ ጂ፣ አልገጥም ካለ ኬ፣ ተጣሞ ከገጠመ ፒ፤ ከዓመታት በኋላ ስብራቱ ያስከተለው ችግር ብቻ ሲቀር ኤስ።

ኤ የሚለው ፊደል በእንግሊዝኛ «የመጀመሪያ» ቀጠሮ ተብሎ በመሰየሙ ብዙዎችን ያሳስታል። ቆጠራ አይደለም፤ ንቁ ሕክምና እየተሰጠ ነው ማለት ነው። ታካሚው ሦስተኛ ቀጠሮው ላይ ቢሆንም በዚያ ቀን ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ፊደሉ ኤ ነው። በተቃራኒው፣ ወድቆ «ይሻለኛል» እያለ ሳምንታት ቤቱ የተቀመጠ ሰው ዘግይቶ ሲመጣም ሕክምናው ገና በመጀመሩ ኤ ይሰጠዋል። ሀገር ቤት በወጌሻ ታሽቶ፣ አጥንቱ ተጣሞ ገጥሞ የመጣ ሰው ሲያጋጥም ደግሞ ሐኪሙ «ተጣሞ የገጠመ ስብራት» ብሎ በግልጽ መጻፉ ወሳኝ ነው፤ ኮድ ሰጪዋ የኤክስሬይ ፎቶ አይታ ፒ ብላ መወሰን አትችልም።

አሁን ሁለቱን ሕጎች እናገናኝ። ሁለት አረጋውያን በአንድ ሳምንት ሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ተተከለላቸው። የአንደኛው ዳሌ በዕድሜ ተበልቶ ነበር፤ ሌላኛው ከደረጃ ወድቀው የዳሌ አንገት አጥንታቸው ተሰብሮ ነው። ቀዶ ሕክምናው ተመሳሳይ ነው፣ ጠባሳውም እንዲሁ። ኮዱ ግን ይለያያል፤ የመጀመሪያው ዜድ 47.1 ሲሰጣቸው፣ የሁለተኛው ኮድ የስብራቱ ኤስ 72.001 ሆኖ በዲ ያበቃል። ሁለቱም ሰው ሠራሽ ዳሌ እንዳላቸው የሚገልጸው ዜድ 96.64 ከነ ቀኝና ግራ መለያው ይታከልላቸዋል። የወደቁት አባት አጥንታቸው የሳሳ መሆኑ ቀድሞ ከታወቀና አወዳደቃቸው ጤናማ አጥንትን የማይሰብር ቀላል ከሆነ፣ ከኤስ ወጥተው በሳሳ አጥንት ስብራት ቤተሰብ፣ በኤም 80፣ ይመዘገባሉ። በአንድ ቃል ጉድለት ሦስት መንገድ ይከፈታል፤ ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ኮድ ሰጪዎች የቀዶ ሕክምናውን ሪፖርት ከማየታቸው በፊት «ለምን ተቀየረ?» ብለው የሚጠይቁት።

በሽታው ሲያልቅ

ሦስተኛው ወጣት የሳንባ ነቀርሳ ሕክምናውን ጨርሷል። መድኃኒት በሚወስድባቸው ወራት ሁሉ ኮዱ የነቀርሳው፣ ኤ 15.0 ነበር። አሁን ተመርምሮ ነጻ መሆኑ ከተረጋገጠ የመጀመሪያው ኮድ ዜድ 09 ይሆናል፤ ካንሰር ላልሆነ በሽታ ከተፈጸመ ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል ማለት ነው። ይከተለውና ዜድ 86.11 ይገባል፤ ይህ ሰው ቀድሞ ነቀርሳ ነበረበት ይላል። በኮድ ቋንቋ «ፎሎው አፕ» ማለት ይህ ብቻ ነው፤ በሽታው ሙሉ በሙሉ ታክሟል፣ ዛሬ የለም፣ እየተጠበቀ ነው። በምርመራው ተመልሶ ከተገኘ ዜድ 09 ይወጣና የበሽታው ኮድ ቦታውን ይይዛል።

በኢትዮጵያውያን መዝገብ ላይ ከዚህ ጋር የሚቀራረብ አንድ ሌላ ሁኔታ በተደጋጋሚ ይገጥማል። ብዙዎቻችን በሕፃንነታችን የቢ ሲ ጂ ክትባት ስለ ወሰድን የቆዳ ምርመራው ሊያብጥ ይችላል። ያበጠ ክንድ ብቻ አር 76.11 ነው። በሽታ ሳያመጣ በሰውነት ውስጥ የተኛ ነቀርሳ መኖሩ ሲረጋገጥ ዜድ 22.7 ይሆናል፤ ያ ታክሞ ሲያልቅ ዜድ 86.15። ከእነዚህ አንዱም ኤ 15 አይደለም። የተኛውን እንደ ነቃ አድርጎ መመዝገብ ጤነኛን ሰው የሚያስተላልፍ ታማሚ ያደርገዋል፤ ማኅበረሰባችን ለዚህ በሽታ ስም ያለውን ፍርሃት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ለጨጓራ ባክቴሪያ የታከሙ ሰዎችም ተመሳሳይ መንገድ አላቸው። ፀረ ተሕዋስያኑ ካለቀ ቢያንስ ከአራት ሳምንት በኋላ የትንፋሽ ወይም የሰገራ ምርመራ ይደረጋል። ባክቴሪያው ከጠፋ ዜድ 09 ከዜድ 86.19 ጋር፤ ካልጠፋ የጨጓራው ሕመም ኮድ ከባክቴሪያው ኮድ ቢ 96.81 ጋር። ለወለደች እናት የሚደረገው የተለመደ ቀጠሮ ደግሞ ዜድ 39.2 የሚባል የራሱ ኮድ አለው፤ ዜድ 09 አያስፈልገውም።

ካንሰር፦ የአንድ ቃል ክብደት

አራተኛዋን እኅት ሆን ብለን ወደ ኋላ አቆይተናታል። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞቴራፒና ጨረር ጨርሳለች፤ በምርመራ የሚታይ ካንሰር የለም፤ በየዓመቱ ሐኪሟ ዘንድ ትታያለች። ትክክለኛው አመዘጋገብ ዜድ 08፣ ማለትም ከተፈጸመ የካንሰር ሕክምና በኋላ የሚደረግ ክትትል፣ ቀጥሎም ዜድ 85.3፣ ቀድሞ የጡት ካንሰር ነበረባት የሚለው ነው። ሐኪሙ ግን በማስታወሻው «የጡት ካንሰር፣ ለክትትል» ብሎ ብቻ ከጻፈ፣ ኮድ ሰጪዋ በችኮላ ሲ 50 የሚለውን የጡት ካንሰር ኮድ ልትመርጥ ትችላለች። ከዚያች ቀን ጀምሮ መዝገቡ «ካንሰር አለባት» ይላል። የሕይወት ኢንሹራንስ ብታመለክት፣ አዲስ ሐኪም ቢያያት፣ ማንም መዝገቡን ቢከፍት የሚያነበው ይህንን ነው።

ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫም ይፈጸማል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ስለ ወጣ ብቻ ካንሰሩን «ያለፈ ታሪክ» ማድረግ አይቻልም። ኬሞቴራፒው ወይም ጨረሩ ገና ካልተፈጸመ ሕክምናው ወደዚያው ቦታ ስላነጣጠረ ሲ 50 ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ዜድ 85.3 ቢላክ ኢንሹራንሱ «ካንሰር ከሌለ ኬሞቴራፒው ለምንድን ነው?» ብሎ ሊያቆመው ይችላል፤ ለታካሚዋ ደግሞ አንድ ሳምንት መዘግየት እንኳ ቀላል አይደለም።

በጣም አከራካሪው ታሞክሲፌንን የመሰሉ ለዓመታት የሚወሰዱ የሆርሞን መድኃኒቶች ናቸው። መድኃኒቱ የሚሰጠው የቀረውን ካንሰር ለማከም ከሆነ ካንሰሩ አለ ተብሎ ሲ 50 ይመዘገባል። ካንሰሩ ጠፍቶ መልሶ እንዳይመጣ ለመከላከል ብቻ ከሆነ ዜድ 85.3 ሆኖ መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ መውሰዷን የሚገልጸው ዜድ 79.810 ይታከላል። ክኒኑ አንድ ነው፣ መጠኑም አንድ ነው፤ የሚለየው የሐኪሙ ዓላማ ብቻ ነው። ዓላማውን ደግሞ ሐኪሙ እንጂ ኮድ ሰጪዋም ታካሚዋም ሊወስኑት አይችሉም። እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም የሙያው ሕግ ለሐኪሙ የጽሑፍ ጥያቄ ማቅረብ ነው፤ መልሱን ወደሚፈለገው ኮድ የማይመራ ጥያቄ። በእኛ አስተያየት የአንድ ኮድ ሰጪ ብቃት የሚለካው በቃሉ በሚያውቃቸው ኮዶች ብዛት ሳይሆን መቼ ቆም ብሎ መጠየቅ እንዳለበት በማወቁ ነው።

ስትሮክና የልብ ድካም

ስትሮክ ሲመታ ያለው ኮድ አይ 63 የሚያገለግለው አጣዳፊው ሁኔታ በሚታከምበት ወቅት ነው። ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቶ ቢሮ ሲመጣ ሁለት መንገድ አለ፤ የቀረ ጉዳት ከሌለ ዜድ 86.73፣ እጅና እግሩ ከዛለ ወይም አንደበቱ ከተያዘ አይ 69 የሚለው ቤተሰብ። በድንገት የልብ ጡንቻ ደም ሲያጣ የሚሰጠው አይ 21 የጊዜ ገደብ አለው፤ እስከ አራት ሳምንት ያገለግላል። ከዚያ በኋላ የዳነው የቀድሞ ሕመም አይ 25.2 ይሆናል።

ይህ የወረቀት ጨዋታ አይደለም። በሜዲኬር አድቫንቴጅ ሥርዓት መንግሥት ለኢንሹራንስ ድርጅቶች የሚከፍለው እንደ አባላቱ ሕመም ክብደት ስለ ሆነ፣ ያለፈን ስትሮክ ወይም የዳነን ካንሰር ዛሬ እንዳለ አድርጎ መመዝገብ ያልተገባ ክፍያ ያስገኛል። የፌዴራሉ የጤናና ሰብአዊ አገልግሎቶች መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር ጽሕፈት ቤት በኦዲቶቹ በተደጋጋሚ ከሚመረምራቸው ኮዶች መካከል አጣዳፊ ስትሮክ፣ አጣዳፊ የልብ ሕመም፣ የጡት፣ የሳንባ፣ የአንጀትና የፕሮስቴት ካንሰር ይገኙበታል።

በሩማቲክ በሽታ የልብ ቫልቫቸው የተጎዳ፣ በኋላም ሰው ሠራሽ ቫልቭ የተተከለላቸው ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ዓይነት ናቸው። የቀዶ ሕክምናው ማገገም ሲያበቃ በሽታም ማገገምም አይባሉም፤ ቫልቩ መኖሩን የሚገልጸው ዜድ 95.2፣ ደም ማቅጠኛ ለረጅም ጊዜ መውሰዳቸውን የሚገልጸው ዜድ 79.01 ዕድሜ ልክ አብረዋቸው ይሄዳሉ። የዋርፋሪኑን ልክ ለማወቅ ደም በሚሰጡበት ቀን ዜድ 51.81 ይቀድማል።

ታካሚው ምን ማድረግ ይችላል?

በመጀመሪያ፣ ሐኪሙ ፊት «ለክትትል» በሚለው ቃል ብቻ አንቁም። «ጉልበቴ ከተቀየረ ሦስት ሳምንት ሆነኝ» ወይም «ሕክምናዬን ባለፈው ወር ጨርሻለሁ» ማለት ለማስታወሻው ትክክለኛ ቃል ይሰጣል። እናትና አባታቸውን ይዘው የሚሄዱ ልጆች ሲያስተረጉሙ «ፎሎው አፕ» ብለው ከማሳጠር ይቆጠቡ። በካሊፎርኒያ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶች ለአባሎቻቸው አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ቀጠሮ ሲያዝ አስቀድሞ መጠየቅ ይቻላል።

ሁለተኛ፣ ከኢንሹራንሱ የሚላከው የአገልግሎት መግለጫ የክፍያ ሂሳብ አይደለም፤ ይሁን እንጂ ሳይነበብ አይጣል። «አልተሸፈነም» የሚል ካለበት ገንዘቡን ከመክፈል በፊት ወደ ክሊኒኩ የሂሳብ ክፍል ደውሎ «ለዚህ ቀን የተላከው የመጀመሪያ የበሽታ ኮድ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። የተባለውን ኮድ ሐኪሙ በታካሚው የኢንተርኔት መዝገብ ላይ ካሰፈረው ማስታወሻ ጋር ማመሳከር ይቻላል። ኮዱ ከማስታወሻው ካልተስማማ ክሊኒኩ መርምሮ የታረመ መጠየቂያ እንዲልክ ይጠየቃል። «ኢንሹራንሱ የሚከፍልበትን ኮድ ስጡኝ» ማለት ግን አይገባም፤ ያ ሌላ ስም አለው።

ኢንሹራንሱ በእምቢታው ከጸና ይግባኝ አለ። በአብዛኞቹ የግል የጤና መድኖች እምቢታው ከደረሰ በኋላ ለይግባኝ 180 ቀናት ይሰጣሉ። በካሊፎርኒያ ደግሞ የተቀናጀ የጤና እንክብካቤ መምሪያ የሚቆጣጠራቸው ድርጅቶች አባላት ቅሬታቸውን ለዚያው መምሪያ የእርዳታ ማዕከል በስልክ ቁጥር 1-888-466-2219 ማቅረብ ይችላሉ።

ሦስተኛው በመዝገቡ ላይ የቀረ ስሕተት ነው። ሂፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ ማንኛውም ታካሚ የሕክምናም ሆነ የሂሳብ መዝገቡ እንዲታረም በጽሑፍ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ተቋሙ በ60 ቀናት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ገልጾ አንድ ጊዜ ብቻ እስከ 30 ቀናት ሊያራዝም ይችላል። እምቢ ካለ ታካሚው የማይስማማበትን ምክንያት ጽፎ ያስገባል፤ ጽሑፉም ከመዝገቡ ጋር ተያይዞ፣ አከራካሪው ክፍል በተላከ ቁጥር አብሮ እንዲላክ ሕጉ ያዛል።